ዝናብ ሲይዝ ልጅ ይዞ ፊልም፦ ሞል፣ ቴአትር ቤት ወይስ ሳሎን?

ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ከሰዓት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር የአራት ዓመቷ ልጄ ሶፋው ላይ መዝለል ትጀምራለች። ሞሉንም፣ ቴአትር ቤቱንም፣ ሳሎኑንም ሞክሬያለሁ። ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከሞል ሲኒማ ልጀምር። ለእኔ እኩዮች የሞል ሲኒማ ማለት ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ያለው ኤድና ሞል ነበር። የሞል ነገር ደስ የሚለኝ ከፊልሙ ይልቅ በዙሪያው ባለው ነው። ሽንት ቤቱ ቅርብ ነው። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ። ልጁ መሃል ላይ ቢሰለቸው ወጣ ብላችሁ ኮሪደር ለኮሪደር ትዞራላችሁ፤ ዝናብ አይመታችሁም። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትኬት ስገዛ መጀመሪያ የማስበው ይህንኑ ነው፦ ቶሎ መውጣት እችላለሁ ወይ?

ጣጣው ጨለማውና ድምፁ ነው። የመጀመሪያ ቀን አዳራሹ ሲጨልም ልጄ ጮክ ብላ «እማዬ፣ መብራት ሄደ!» አለች። ከኋላችን ያሉት በሳቅ ፈነዱ። ማስታወቂያው ሲጀምር ደግሞ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ «ቀንሺው» አለችኝ፤ ሪሞቱ እኔ ጋ ያለ መስሏት። ወንበሩም ታጣፊ ነው። የእሷ ኪሎ ስለማይከብደው ወደ ኋላ ጠጋ ስትል እሷን ይዞ እጥፍ ይላል። የሁለት ሰው ከፍዬ እኔው ጭን ላይ ጨረሰች። ካርቱኑ በእንግሊዝኛ ስለነበር ጆሮዋ ስር ስተረጉም ዋልኩ።

3ዲ ነው መደበኛው? ለትንሽ ልጅ መደበኛው። የሰጡን መነጽር የአዋቂ ነበር፤ ከአፍንጫዋ እየተንሸራተተ አስቸገራት። አውልቃ ስታይ ደግሞ ምስሉ ድርብ ሆነባት። ለዚህ ተጨማሪ መክፈል ብር መጣል ነው።

ቴአትር ቤት ብዙ ወላጅ የሚረሳው አማራጭ ነው። አዲስ አበባ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር የሚባል አላት። ፊልም አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ቋንቋው አማርኛ ነው፣ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ነው፣ ልጁም ቢጮህ ማንም ዞሮ አያፈጥበትም። እኔ ይህን ከሞሉ አስበልጠዋለሁ። ፕሮግራሙን ሳታረጋግጡ ግን በዝናብ እንዳትወጡ። ትልቅ አዳራሽ በክረምት ስለሚበርድ ሹራብ ደርቡለት።

ሳሎን ርካሹ ነው። ልጁ ሽንቱ ሲመጣ ፊልሙን ታቆሙታላችሁ። ቤታችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ዝናቡ ሲወርድ ተዋናዩ አፉን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ነው የምታዩት። በረዶ ከጣለማ ተዉት። ላፕቶፑን ጠዋት ቻርጅ አድርጉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥ ይላል። የሲኒማ ካርቱን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እቤት ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ማሳየት ይቻላል፤ ሲኒማ ቤት አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሳሎኑ ይበቃዋል። ከሦስት እስከ አምስት ላለው ፕሮግራም ካለ ቴአትር፣ ከሌለ ከአንድ ሰዓቱ ቢያልፍም አልፎ አልፎ ሞል። ስድስት ከሞላው እሱ ይምረጥ፤ 3ዲም ቢሆን።

ሞሉን ከመረጣችሁ የጠዋቱን ሰዓት ያዙ። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ላይ ነው የሚበረታው፤ ያኔ ሁሉም ራይድ ስለሚጠራ መኪና ማግኘት መከራ ነው። መተላለፊያው ዳር፣ ለበሩ ቀረብ ያለ ወንበር ጠይቁ። ፈንዲሻ አራት ዓመት ላልሞላው አይሰጥም፤ ሊያንቀው ይችላል። ቆሎም ያው ነው። ሙዝና ለስላሳ ዳቦ ይሻላል፤ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ግን በሩ ላይ ጠይቁ።

ጃንጥላውን ደግሞ እናንተው ያዙት። ቁልፉን ሲጫኑት ፏ ብሎ የሚከፈተው ዓይነት ከሆነ ልጁ ጨለማ ውስጥ ያገኘዋል። የእኔዋ የፊተኛው ሰውዬ ጭንቅላት ላይ ከፈተችው።