በቶርኖ የተላጡ ስፖርት የፍሬን ዲስኮች፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍሬን ሲያዝ መሪውን የሚያንቀጠቅጥ ዲስክ በቶርኖ ቢላጥ ይስተካከላል ወይ? መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሠርቷል። የፊት ዲስኮቼን (ከጎማው ጋር የሚዞሩትንና ፍሬኑ ጨምቆ የሚይዛቸውን ክብ ብረቶች) በቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያዞረ በሚልጥ ማሽን፣ ካስላጥኳቸው ወራት አልፈዋል። ረጅም ቁልቁለት ወርጄም ሆነ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ ፍሬን ስይዝ መሪው አይንቀጠቀጥም። ፔዳሉም እግሬን አይመታም። ግን ይህን ሁሉ ያመጣው ቶርኖው ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁን ሥራ የሠራው የሽቦ ብሩሽ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ዲስኮቹ ተራ አይደሉም። ካርቦን የበዛበት ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ናቸው፤ መሐላቸው አየር ያሳልፋል፣ ፊታቸው ላይ ቦይ ተቀርጿል። ቀዳዳ የላቸውም። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ቶርኖ ላይ ሲወጡ ግን ወሳኝ ናት።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ከ80 በላይ እየሄድኩ ፍሬን ቀስ አድርጌ ስይዝ መሪው ግራና ቀኝ ይርዳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ መንቀጥቀጡም ይዘገያል። ፍሬን ካልያዝኩ መኪናው ጸጥ ነው። የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉ። ፍሬን ሳይያዝም የሚንቀጠቀጥ መኪና መጀመሪያ መታየት ያለበት ባላንሱ፣ ጎማውና ቸርኬው ነው። ፍሬን ሲያዝ መሪው ላይ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ዲስክ ነው፤ መቀመጫው ላይ ከተሰማ ደግሞ የኋላውን ተጠራጠሩ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ግን ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ይጠቁማል።

ጋራዥ ስትሄዱ "ዲስኩ ተጣሟል" ይባላል። አባባሉ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ዲስኩ አልተጣመመም፤ ውፍረቱ ነው ከቦታ ቦታ የተለያየው። ዲስኩ ሲዞር ወፈር ያለው ቦታ ዲስኩን ከሁለት በኩል በሚጨምቁት ሸራዎች መሐል ሲያልፍ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ሳሳ ያለው ሲመጣ ደግሞ ይለቀዋል። ፍሬኑ በእያንዳንዱ ዙር ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። እግራችሁ የሚሰማው ያ ነው። የሚያስፈልገው ልዩነት ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፤ 0.02 ሚሊ ሜትር እንኳን አንዳንድ መኪና ላይ መሪውን ያርዳል። ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነገር ነው። በዓይን አይቶ "ይህ ዲስክ ደህና ነው" የሚል መካኒክ ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ዋናው መንገድ ዲስኩ ሞዞው ላይ (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት የሚዞር ብረት) ሲታሰር ትንሽ ሲያጋድል ነው። ሲዞር ወደ ውጪና ወደ ውስጥ ይወላገዳል። ፍሬን ባትይዙም ያጋደለው ቦታ በእያንዳንዱ ዙር ሸራውን ይነካዋል። እየነካ እየነካ ይሳሳል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ለዚህ ነው አዲስ ዲስክ ሲገጠም ደህና ሆኖ ከወራት በኋላ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው። ሰዉም "ዕቃው ፌክ ነው" ብሎ ይደመድማል። ዕቃው ግን ምንም አላጠፋም ይሆናል።

ሌላው መንገድ ሙቀት ነው። ፍሬኑ በጣም ግሎ ሳለ መኪናውን አቁማችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ ከቆያችሁ ሸራው ከራሱ ዕቃ ዲስኩ ላይ ያትማል። የታተመበት ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይይዛል፣ ይበልጥ ይግላል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ከሥሩ ያለው ብረት ራሱ ይለወጣል፤ ሲሜንታይት የሚባል በጣም ጠንካራ ነገር ይሆናል። ይህ ነጥብ እንደ ሌላው ቦታ አያልቅም። ሥሩም ወደ ውስጥ ስለሚገባ ላዩን ብትልጡት ተመልሶ ይመጣል። ሰማያዊና ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት ዲስክ ይዛችሁ ቶርኖ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። የእኔዎቹ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ከመላጡ በፊት ለካሁ። ማይክሮሜትሩን (ውፍረትን በጣም በረቀቀ ልክ የሚለካውን መሣሪያ) ከዲስኩ ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገብቶ በዙሪያው 8 ቦታ ላይ መለካት ነው። ግራው ላይ በትልቁና በትንሹ መሐል ያለው ልዩነት 0.01 ሆነ። ቀኙ 0.03። ጥፋተኛው ታወቀ። ከዚያ ዲስኩን በጎማው ብሎኖች አጥብቄ ዳያል ጌጅ (ዲስኩ ሲዞር ምን ያህል እንደሚወላገድ በመርፌ የሚያሳይ መሣሪያ) ደገንኩበት። ቀኙ ሲዞር 0.11 ሚሊ ሜትር ይወላገዳል። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ከ0.05 እስከ 0.1 ባለው ውስጥ ነው፤ የየራሳችሁን መጽሐፍ ማየት ግን ይሻላል።

ዲስኩ ሲወልቅ ምክንያቱ ቁጭ ብሎ ነበር። ሞዞው ላይ፣ ዲስኩ በሚያርፍበት ፊት፣ ቅርፊት የሠራ ዝገት አለ። ከቀደመው ሥራ በፊት ማንም አልጠረገውም። መሐል ላይ ያለች ቀጭን የዝገት ቅርፊት ዲስኩን ታጋድለዋለች፤ ማጋደሉ ደግሞ ወደ ጠርዙ በሄደ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። በሽቦ ብሩሽ ሞዞውንም የዲስኩን ጀርባም ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኩት። መልሼ አስሬ ስለካው 0.05። ቶርኖ ገና አልነካውም! ባይወርድልኝ ኖሮ ዲስኩን በአንድ ብሎን ቀዳዳ አዙሬ እንደገና እለካ ነበር፤ ያም ካልሠራ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የጎማው ኩሽኔታ ነው።

ታዲያ ለምን አስላጥኩት? ማጋደሉ ቢስተካከልም የሳሳው ቦታ ሳስቶ ቀርቷላ። ያንን የሚያስተካክለው መላጥ ብቻ ነው። በተቃራኒው ዝገቱን ትቼ ብላጠው ኖሮ ለጥቂት ወራት ደህና ሆኖ ወደ ነበረበት ይመለስ ነበር። ብዙ ሰው "ቶርኖ አይሠራም" የሚለው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ቦይ ያለው ዲስክ ለቶርኖ አስቸጋሪ ነው። ቢላው ለስላሳ ብረት እየላጠ ሄዶ ድንገት ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ወዲያው የቦዩን ጠርዝ ይመታል። ታክ፣ ታክ፣ ታክ። የቢላው ጫፍ ሊሸረፍ ይችላል፤ ከቦዩ አጠገብም ሞገድ የመሰለ ምልክት ይተዋል። ያ ምልክት ራሱ አዲስ መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ አዲስ ስለት፣ ቀጭን አላላጥ፣ ዝግ ያለ ጉዞ ያስፈልጋል። ድምፁን የሚያፍን ጎማ ቀበቶ በዲስኩ ዙሪያ መታሰር አለበት። የእኔን የሠሩት ሰውዬ "ከተቸኮልክ ውሰደውና አዲስ ግዛ" አሉኝ። እንደዚያ የሚሉ ባለሙያ ሳገኝ ደስ ይለኛል። አዲስ ስለት አስገብተው ሁለቴ በስሱ ሄዱበት። መኪናው ላይ እንዳለ የሚልጥ ማሽን ብታገኙ ይመረጣል፤ ዲስኩን ከሞዞው ጋር አንድ ላይ ስለሚያዞር ማጋደሉንም አብሮ ያጠፋዋል። የእኔ ግን በጠረጴዛ ቶርኖ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ከገጠምኩት በኋላ መልሼ ለካሁት። ማጋደሉ 0.03 ሆነ። የውፍረት ልዩነቱን ማይክሮሜትሬ ማንበብ አቃተው።

ቀዳዳ ያላቸው ዲስኮች ላይ ግን እኔ አልደፍርም። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ዲስኩ የሚጣል እንጂ የሚላጥ አይደለም። ካርቦን ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ ተራ ቶርኖ አጠገቡም አይደርስ።

ውፍረት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእኔ ዲስክ ሲገዛ 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ላዩ ላይ የተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ 26 ነው። ሳስገባው 27.3 ነበር፣ ሲወጣ 26.9። ግራውም አብሮ ተላጠ፤ ሁለቱም እኩል እንዲይዙ። ያ 26 ዲስኩ የሚጣልበት ልክ ነው እንጂ እስከዚያ ድረስ ላጡኝ ማለት አይደለም። ከቶርኖ በኋላ ገና የሚያልቅ ብረት መቅረት አለበት። የእኔ 26.4 ቢሆን ኖሮ ቶርኖ ቤት ባልሄድኩ።

ሲገጠም የተሠሩት ነገሮች በአጭሩ የሚነገሩ ናቸው። ዲስኩን በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ፤ የብረት ብናኙ በጨርቅ አይወጣም። ፊቱን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እያዞሩ ማሸት። አዲስ ሸራ። የካሊፐሩን (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨምቀውን ክፍል) ተንሸራታች ፒኖች አጥቦ ለፍሬን የተሠራውን ግሪስ መቀባት።

የጎማው ብሎን ላይ ግን ልቆይ። ከዚህ በፊት የሠራልኝ ጋራዥ በአየር ሽጉጥ ነበር የሚያስረው፤ ብሎኖቹን ስፈታ አንዱ በእጅ ይፈታል፣ ሌላው ቁልፉን ያጎብጣል። እኩል ያልጠበቀ ብሎን ዲስኩን ጨምድዶ ያጋድለዋል። አሁን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ፣ በተቃራኒ ኮከብ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዙር አጠብቃለሁ። የእኔ መኪና መጽሐፍ 110 ኒውተን ሜትር ይላል። ጎማ ሊለጠፍ በሄደ ቁጥርም ሰዎቹ ካሰሩት በኋላ ላላ አድርጌ ራሴ መልሼ አስረዋለሁ። ያዩኛል፣ ይስቃሉ፣ ግድ የለም።

ከዚያ ሸራና ዲስኩን ማላመድ ነው። ሰው በሌለበት መንገድ ከ90 ወደ 20 ጠንከር አድርጎ መቀነስ፣ ሳይቆሙ እንደገና ፍጥነት መጨመር፣ ይህን መደጋገም። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ዝም ብሎ መንዳት፣ እስኪቀዘቅዝ። በጋለ ፍሬን ላይ ቆሞ ፔዳሉን አለመርገጥ።

ከወራት በኋላ ምን አገኘሁ? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቦዮቹ የሚመጣ "ዙም" የሚል ድምፅ ነበር፤ አሁንም በጠንካራ ፍሬን ላይ ትንሽ አለ። ቦይ ያለው ዲስክ ይህን ያደርጋል። ሸራ ቶሎ መብላቱም አልቀረም። የተላጠው ጠርዝ አካባቢ ዝገት ጀምሯል፤ ከፋብሪካ የነበረው ቀለም እዚያ ቦታ ተነስቷል። መልክ ያበላሻል፣ ፍሬኑን አይነካም። ዲስኩ በመሳሳቱ ቶሎ ይግላል የሚል ነገር በንድፈ ሐሳብ እውነት ነው፤ እኔ ግን በተለመደው አነዳድ አልተሰማኝም። በቅርቡ ቀኙን እንደገና ስለካው ማጋደሉ ያው 0.03፣ የውፍረት ልዩነቱ ከ0.01 በታች ነው።

ተራ ዲስክ ቢሆን ግን ይህን ሁሉ ድካም አልመክርም። ተራው ርካሽ ስለሆነ አዲስ ገዝቶ ሞዞውን ጠርጎ መግጠም ይቀላል። ስፖርት ዲስክ ላይ ነው ሂሳቡ የሚለወጠው፤ ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም።

አንድ ያልተዘጋ ጉዳይ አለኝ። ግራው በኩል የውስጡ ሸራ ከውጪው ቀደም ብሎ እያለቀ ነው። ወይ ፒኑ ላይ ግሪሱ ደርቋል፣ ወይ ፒስተኑ በደንብ አይመለስም። ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ከቆየ ያው የውፍረት ልዩነት በሌላ በር ስለሚመለስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ካሊፐሩን እከፍተዋለሁ።