ባለ ጠብታው የውሃ ሃርድነስ ኪት ለፍሎቴሽን ላብ ይሆናል ወይ?

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ፍሎቴሽን (ማዕድንን በአየር አረፋ አንሳፍፎ ከሌላው ድንጋይ መለየት) ቴስት የምትሠሩ ግዙት፣ ግን ምን እንደሚለካ አውቃችሁ ግዙት፤ ሃርድነስ ማለት ውሃው ውስጥ ያለው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን ነው።

ብዙ ቦታ የማየው ቲዲኤስ ሜትር (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጠቅላላ መጠን የሚገምት መለኪያ) ውሃው ውስጥ ነከር አድርጎ ደህና ነው ብሎ ማለፍ ነው። ያ ሜትር እኮ ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው የሚያየው፣ የገበታ ጨው ይሁን ካልሲየም አይለይላችሁም። ለኛ ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የገበታ ጨው በዛ ሲል አረፋዎቹ እርስ በርስ እንዳይዋሃዱ ስለሚያደርግ አረፋው ደቀቅ ይላል፣ ፍሮዘርም (አረፋ የሚያስነሳው ኬሚካል) ይቆጥባል። አፓታይት ወይ ፍሎራይት የሚባሉትን ማዕድናት በኦሊዬት የሚያንሳፍፍ ሰው ግን ካልሲየም ከመጣበት አለቀለት፣ ምክንያቱም ኦሊዬት ማለት በቃ ሳሙና ነው፣ ሳሙና አልቀበል የሚል የጉድጓድ ውሃ ላይ የምታዩት ነጭ ዝቃጭ ፍሎቴሽን ሴሉ (አረፋው የሚነፋበት ገንዳ) ውስጥም ይፈጠርና ኮሌክተሩ (ማዕድኑን ከአረፋው ጋ የሚያጣብቀው ኬሚካል፣ እዚህ ኦሊዬቱ) ማዕድኑ ጋ ሳይደርስ ያልቃል፣ ሪከቨሪ (ከማዕድኑ ተለይቶ የሚገኘው ድርሻ) ወረደ ተብሎ ኮሌክተር ይጨመራል፣ ፒኤቹ ከፍ ካለ ደግሞ ያው ካልሲየም ኳርትዙንም አብሮ ያስነሳና ግሬዱን (የምርቱን ጥራት) ያበላሻል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፒኤቹን የሚያረጋውን ባፈርና ቀለም የሚሰጠውን ኢንዲኬተር ናሙናው ላይ ጨምራችሁ ከወይን ጠጅ ቀለም ወደ ጥርት ያለ ሰማያዊ እስኪዞር የኪቱን መለኪያ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ መቁጠር ነው። የኔ ኪት 1 ጠብታው 1 የጀርመን ዲግሪ ነው፣ ማለትም በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር 17.8 ሚሊግራም። ናሙናውን እጥፍ ብታደርጉት 1 ጠብታ ግማሽ ዲግሪ ይሆንላችኋል።

1 ኮከብ የቀነስኩት ኪቱ ለቤት ውሃ የተሠራ ስለሆነ ነው። ከታይሊንግ (ማዕድኑ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ተረፈ ምርት) የሚመለስ ውሃ ላይ መዳብ ወይ ብረት ካለ ኢንዲኬተሩን ይይዘዋል፣ ጠብታ ብታፈሱበት ቀለሙ ሐምራዊ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሰልፋይድ ማዕድን የምትሠሩ ደግሞ ያንን መዳብ ነው ማወቅ ያለባችሁ፣ ስፋለራይቱን (የዚንክ ማዕድኑን) አክቲቬት አድርጎ፣ ማለትም ኮሌክተር እንዲይዘው አድርጎ፣ ዚንኩን እርሳስ ኮንሰንትሬት (ተለይቶ የወጣው የእርሳስ ምርት) ውስጥ የሚከትባችሁ እሱ ነው፣ ስለዚህ ናሙናውን አጣርታችሁ ለኤኤኤስ (ብረታ ብረቶችን ለየብቻ የሚለካ የላብ መሣሪያ) ላኩት።

ኪቱ ካልሲየምንና ማግኒዥየምንም ደምሮ ነው የሚሰጠው፣ ለየብቻ አይነግራችሁም። ቺሌ ሴንቲኔላ የመዳብ ማዕድን ማውጫ ላይ እንደሚደረገው በባህር ውሃ ለሚሠራ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ የባህር ውሃ በሊትር 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዥየም አለው፣ ፒኤች 10ን ሲያልፍ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ሞሊብደናይቱ (የሞሊብደነም ማዕድኑ) ላይ ይለጠፍና አላንሳፍፍ ይላል።

ኢንዲኬተሩ ሲቆይ ስለሚበላሽ ስትገዙ ቀኑን እዩ፣ መጀመሪያ በዲስቲልድ ውሃ ሞክሩት፣ ወዲያው ሰማያዊ ካልሆነ መልሱት።