በወረርሽኙ ዓመት ቤታችንን የደገፈ የቁጠባና ብድር ማህበር፦ የአንዲት አባል ግምገማ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በመምህርነት የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከዚህ በታች የምገመግመው ከጥር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆንኩበትን የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበር ነው። በሥራ አመራር ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሰዎች አብረውኝ የሚያስተምሩ ስለሆኑ፣ ወቀሳዬ በግለሰቦች ላይ ያነጣጠረ እንዳይመስል የማህበሩን ስም ትቼዋለሁ። አሠራሩ በሰሜን ሸዋ ከተሞች በየመሥሪያ ቤቱ ከተቋቋሙት ሌሎች ማህበራት ብዙም ስለማይለይ፣ አባል ለመሆን የሚያስብ ሰው የእኔን ልምድ ከራሱ ሁኔታ ጋር ማመዛዘን ይችላል።

ማህበሩ ለቤተሰባችን ምን እንደሆነ የገባኝ በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የእኔ ደመወዝ አልተቋረጠም። ባለቤቴ ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚመላለስ የሰው ሚኒባስ ላይ ሹፌር ነው። 130 ኪሎ ሜትሩን ግማሽ ሰው ጭኖ በእጥፍ ታሪፍ መሥራት በወረቀት ሲያሰሉት የሚያካክስ ይመስላል፤ እጥፍ ከፍሎ የሚሄደው መንገደኛ ግን መናኸሪያው ውስጥ አልነበረም። ለመኪናው ባለቤት የሚገባው የዕለት ገቢ ደግሞ ቀርቶ አያውቅም። ከአንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ባለቤቴ ለቤት የሚያመጣው ገንዘብ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዘመን አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር መከልከሉ ብቻ ነበር ትንፋሽ የሰጠን።

በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ዕቁብን ነው። እኛም የሰፈር ዕቁብ ነበረን፤ ዕጣ ሳይደርሰን ወረርሽኙ ደረሰ። ቀድሞ ዕጣ የወጣላቸው አንዳንዶቹ ገቢያቸው ሲቋረጥ መክፈል አቃታቸው፤ ያልደረሰን ሰዎች ደግሞ የዕቁብ ዳኛው በር ላይ ተሰለፍን። ዳኛው ደግ ሰው ስለነበሩ ከብዙ ወራት በኋላ ያስገባነውን እየቆራረጡ መለሱልን። ዕቁብን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲቸገር ግን ዕቁብ የሚቆምበት እግር የለውም። የሱቅ ዱቤም ሞክረናል፤ ባለሱቁ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ዋጋ በእጅ ከሚከፈለው ከፍ እንደሚል ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ማህበሩ በየወሩ 400 ብር ከደመወዜ ላይ እየቀነሰ ያስቀምጥልኝ ስለነበር በመጋቢት ወር መጨረሻ ቁጠባዬ ወለዱን ሳይጨምር 15,600 ብር ደርሷል። ደንቡ የቁጠባን ሦስት እጥፍ፣ በሁለት አባላት ዋስትና ያበድራል። ሚያዝያ ላይ 8,000 ብር ብቻ ጠየቅሁ።

ቢሮው አንዲት ክፍል ናት። በሩ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ሳሙናው ሰው ይዞት እንዳይሄድ በገመድ ታስሯል። አግዳሚው ላይ በኖራ ሁለት ቦታ ምልክት ተደርጎ፣ ሦስተኛ ሰው ከመጣ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ገንዘብ ያዡ የጡረታ ዘመናቸው የተቃረበ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበቡና «መምህርት፣ ኮሚቴው እኮ አምስት ሰው ነው፤ መንግሥት ከአራት በላይ አትሰብሰቡ ብሏል» አሉኝ። እየቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። የብድር ኮሚቴው ለሦስት ሳምንት ያህል አልተሰበሰበም። በመጨረሻ ሦስት ሦስት ሆነው እንዲወስኑና ቃለ ጉባኤው እየዞረ እንዲፈረም ተስማሙ። ብድሩ በእጄ ሲገባ ሚያዝያ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ የዱቤ ደብተሩን ዘጋሁበት፣ የተረፈውንም ለአስቤዛ አደረግሁት። ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ ስምንት ወር በየወሩ ወደ 1,050 ብር ከፍዬ ጨረስኩ።

እዚህ ላይ ስለ ቁጠባው ራሱ ግልጽ መሆን አለብኝ፤ በየስብሰባው «ቆጥቡ፣ ገንዘባችሁ ይወልዳል» ሲባል ስሰማ ደስ አይለኝምና። ማህበሩ ለቁጠባ የሚከፍለው ወለድ 7 በመቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ለባንኮች የወሰነው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድም ይኸው ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ደግሞ የዋጋ ንረቱ በዓመት 20 በመቶ አካባቢ ነበር። 15,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,050 ብር ያገኛል፤ አምና በ15,000 ብር ይገዛ የነበረው አስቤዛ ግን ዘንድሮ 18,000 ብር ይጠይቀዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ወልዷል ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ቀስ እያለ እየመነመነ ነው። ቁጠባው ለእኔ ጥቅሙ በወለዱ አይደለም፤ ባንክ ለትንሽ ብድር የቤት ካርታ ወይም ሊብሬ በሚጠይቅበት ከተማ በተፈለገው ወር የመበደር መብት ስለሚያስገኝ ነው።

ይህን ያስተዋልኩት በጋሼ ምክር ነው። የመጀመሪያውን ብድር ጨርሼ ደረሰኝ ስቀበል «አሁን ደግሞ ጥር ነው፤ ጤፉን ዛሬ ካልገዛሽ በነሐሴ እኔን ትረግሚያለሽ» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ለሚበላ ነገር ተበድሮ ወለድ መክፈል ነውር አይደለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን እርሳስ አንስተው ያሰሉልኝ ጀመር። የእኛ ከተማ ውርጭ አገር ናት፤ ገብስና ባቄላ እንጂ ጤፍ አይሆንላትም። ጤፉ ከጅሩና ከምንጃር ይመጣል፤ ገበሬው ወቅቶ በሚሸጥበት በጥርና በየካቲት ዋጋው ረገብ ይላል፣ ክረምት ሲገባ ይወጣል። ኩበትም እንዲሁ ነው፤ በበጋ ደርቆ በአህያ ሲመጣ የሚገዛና በሐምሌ ዝናብ እርጥቡን ለምኖ የሚገዛ አንድ አይደሉም።

በጥር 2013 ዓ.ም. 15,000 ብር ተበድሬ ሦስት ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ፣ ለመቀላቀያ ግማሽ ኩንታል ገብስ፣ ምስርና ሽምብራ፣ የክረምት ኩበትም ገዛሁ። የብድሩ ወለድ 13 በመቶ ሲሆን የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። ይህች አንዲት ሐረግ ትልቅ ገንዘብ ናት፤ በየወሩ ወደ 1,340 ብር እየከፈልኩ በአሥራ ሁለት ወር የከፈልኩት ወለድ 1,077 ብር አካባቢ ሲሆን፣ ያው 13 በመቶ በመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻው ሳይቀንስ ቢታሰብ 1,950 ብር በሆነብኝ ነበር። ከማንኛውም አበዳሪ ጋር ከመፈራረም በፊት ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ አንድ በመቶ የአገልግሎትና ተበዳሪ ሲሞት ዕዳው ለቤተሰቡ እንዳይተላለፍ የሚደረግ የዋስትና ክፍያ ሲጨመር፣ ብድሩ በጠቅላላ 1,377 ብር ፈጀብኝ።

ታዲያ አተረፍኩ? በነሐሴ ጎረቤቴ ያንኑ ዓይነት ጤፍ በኩንታል ከእኔ 1,200 ብር አስበልጣ ገዛች። በየወሩ እየገዛሁ ብቆይ ኖሮ ጭማሪው በአማካይ የዚህ ግማሽ ያህል ይሆንብኛል ብዬ ባስብ፣ በሦስት ኩንታል 1,800 ብር ይመጣል። የብድሩ ወጪ ሲቀነስ የቀረልኝ አራት መቶ ብር ብቻ ነው። ብዙ አይደለም፤ የጠቀመኝ ሌላ ነው። ክረምቱን በሙሉ የወር ወጪዬን አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ ባለቤቴ ባዶ እጁን በሚገባበት ቀንም ማጀቱ ውስጥ ዱቄት አለ። ስህተትም ሠርቻለሁ። ጤፍ ነቀዝ እንደማይደፍረው እያየሁ ሽምብራውም እንዲሁ የሚቆይ መስሎኝ 50 ኪሎ ገዛሁ። ሰኔ ላይ ጆንያውን ስፈታው ዱቄት የመሰለ ብናኝ ወጣ፤ ከግማሽ በላይ ተቦርቡሮ ነበር። ጥራጥሬ በብድር የሚገዛ ሰው ለሁለትና ለሦስት ወር ከሚበቃው በላይ አይውሰድ።

ወደ ማህበሩ ጉድለት ልመለስ። የግንቦት 2012 ዓ.ም. ቁጠባዬ ከደመወዜ ላይ ተቆርጦ ሳለ ደብተሬ ላይ አልሰፈረም። ለማስተካከል የደመወዝ ወረቀቴን ይዤ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ «ከፋይናንስ አልመጣም»፣ «ጸሐፊዋ የለችም»፣ «ቋሚ መዝገቡ ኦዲት ላይ ነው» እየተባልኩ ሁለት ወር አለፈ። መዝገቡ ዛሬም በእጅ የሚጻፍ ነው። ጠቅላላ ጉባኤውም በስብሰባ እገዳው ምክንያት ሲዘገይ የትርፍ ድርሻችን አብሮ ዘገየ፤ እገዳው ከተነሣ በኋላ ለተጨመሩት ወራት ግን ማንም አሳማኝ ምክንያት አልነገረንም። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አንድ አባል የአክሲዮኑ ብዛት ሳይታይ አንድ ድምፅ አለው፤ ጉባኤ ካልተጠራ ግን ድምፁ የት ይሰጣል? በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየርም ቢሮው አሮጌውን ገንዘብ ባንክ እስኪያስገባ ድረስ ለቀናት ወጪ አቁሞ ነበር። በዚያው ሳምንት ለልጆች ደብተር መግዣ ፈልጌ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ዋስትናውም ከባድ ነው። በክፉ ጊዜ ዋስ የሚሆን ባልደረባ ማግኘት ብድሩን ከማግኘት ይከብዳል፤ አንዷ ዋሴ ከፈረመች በኋላ ባሏ ስለተቆጣት ፊርማዋን ለማንሣት መጥታ ነበር። ለዚህ ማህበሩን አልወቅሰውም፤ በዋስ ባያበድር እስከ ዛሬ አይቆይም ነበር።

አባልነቱን የምመክረው ቋሚ ደመወዝ ላለው፣ ተበድሮ የሚገዛውን ነገር አስቀድሞ ለሚያውቅና ደብተሩን በየወሩ ከደመወዝ ወረቀቱ ጋር ለሚያመሳክር ሰው ነው። ገቢው በየቀኑ ለሚለዋወጥ ሰው ግን አይመችም፤ ሦስት ወር ያላስገባ አባል ይቀጣል፣ ብድር የመጠየቅ መብቱም ይታገዳል። ባለቤቴ አባል እንዲሆን ጋሼ ሁለት ጊዜ ጠይቀውት ነበር። በሁለተኛው ጊዜ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ተሳፋሪ ያምጡልኝ፣ ከዚያ አራት መቶውን ይቁረጡ» አላቸው። እሳቸውም ስቀው ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ እስካሁን አልሞላውም።