ትንሿ የናፍጣ ትራክተሬና ፊልትሮዎቿ፦ ከ11 ወር የደምቢያ ሥራ በኋላ

ባለ 3 ሲሊንደር፣ 35 የፈረስ ጉልበት ያላትን ትንሽ የናፍጣ ትራክተር አዲስ ሆና የገዛኋት ባለፈው ዓመት ኅዳር ነበር፤ ዛሬ፣ በጥቅምት፣ ሰዓት ቆጣሪዋ 430 ደርሷል። ኑሮዬ ጎንደር ከተማ፣ እርሻዬ ደግሞ ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ በሚወስደው መንገድ ደምቢያ ሜዳ ላይ ነው። በበጋ መውቂያ ማሽን እያዞረች ጤፍና ሽምብራ ትወቃለች፣ ክረምት ሲገባ ዋልካውን ታርሳለች፣ በመሀሉ ተሳቢ ትጎትታለች። በጉልበቷም ሆነ በነዳጅ አጠቃቀሟ ቅሬታ የለኝም። ገንዘቤንም ጊዜዬንም የበሉት፣ ሁለት ጊዜም ሥራ ያስፈቱኝ ፊልትሮዎቿ (ማጣሪያዎቿ) ናቸው፤ ከባዱን ጥፋት ያጠፋሁት ግን እኔው ነኝ።

በአየሩ ፊልትሮ ልጀምር። መመሪያው በየ100 ሰዓቱ ይጽዳ ይልና አቧራ በሚበዛበት ቦታ ከዚያ ፈጥኖ መታየት እንዳለበት ያክላል። እኔ 100 የምትለዋን ቁጥር ይዤ ተጨማሪውን ዘለልሁት። ሞተሯ 1.6 ሊትር ሲሆን፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ስትሠራ በስሌት በሰዓት ወደ 120 ሜትር ኩብ አየር ትስባለች፤ ይህም ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 8፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል የሚይዘው አየር ነው። አውድማ ላይ ያ ሁሉ አየር እብቅና የጤፍ ብናኝ የተቀላቀለበት ነው። ትራክተሯ ደግሞ አንድ ቦታ ቆማ ስለምትወቃ የራሷን አቧራ መልሳ ትምገዋለች።

ጥር ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣ፣ ጭነት ሲበዛባትም ትደክም ጀመር። ደምቢያ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ በዚያ ላይ ፊልትሮው ሲታፈን ድካሙ ቶሎ ይታያል። ፊልትሮውን አውጥቼ ጎሚስታ ቤት ወሰድሁና ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር ከውጭም ከውስጥም አስነፋሁት። ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ሞተሩም ነፍስ ዘራ፤ እኔም ረክቼ ተመለስሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈትቼ ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብናኝ ይዞ ወጣ። አዘዞ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ፊልትሮውን ተቀብለውኝ ወደ ጨለማው መጋዘናቸው ገቡና የእጅ ባትሪ አብርተው በመሀሉ ከተቱት። ከወረቀቱ እጥፋት መካከል ሁለት ቦታ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ የቀጠነ ብርሃን ፈነጠቀ። «ልጄ፣ ጨርቅ ቢሆን እኮ ታጥበዋለህ፤ ይሄ ወረቀት ነው» አሉኝ። መመሪያው የሚፈቅደው ከ2 ባር የማይበልጥ ግፊት ሲሆን፣ አየሩም የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ነው፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግፊት ግን የዚያ ብዙ እጥፍ ነው። በዚያች ቀዳዳ የገባው ብናኝ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተን ቀለበቶቹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳቸዋል። የትልልቆቹ ትራክተሮች ዓይነት ውስጠኛ መጠባበቂያ ፊልትሮ ቢኖራት ኖሮ ይህ ስሕተት ቀዳዳው ላይ ባበቃ ነበር፤ የእኔዋ ስለሌላት ግን አንዱ ወረቀት ከተበሳ ሁሉም ነገር ክፍት ነው። በንድፏ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ፊልትሮውን በነጋ በጠባ መክፈት ትቻለሁ፤ ክዳኑ በተነሣ ቁጥር ጥቂት አቧራ ወደ ንጹሑ ጎን መግባቱ አይቀርም። ማታ ማታ ከፊልትሮው ማቀፊያ ሥር ያለችውን የጎማ አፍ ጨመቅ አድርጌ የተጠራቀመውን እብቅ አራግፋለሁ፤ ስወቃም ነፋሱ ከትራክተሯ ወደ መውቂያው እንዲነፍስ አድርጌ አቆማታለሁ። ይህች ምንም የማታስወጣ ዘዴ አቧራውን በግማሽ ቀንሳልኛለች ብዬ እገምታለሁ።

ሁለተኛው ጣጣ የመጣው በሐምሌ ነው። እርሻ መሀል ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገጫግጮ ጠፋ። ከናፍጣ ፊልትሮው ጋር ያለችውን ብርጭቆ መሰል ኩባያ ስመለከት ናፍጣው ከላይ፣ ውኃው ከታች ተለያይተው ተኝተዋል። ናፍጣ ከከተማ በጄሪካን አመላልስ ስለነበር ጄሪካኑም ታንከሩም ግማሽ ሆነው ያድራሉ፤ በባዶው ቦታ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ውኃ ይለወጣል። ስቀዳ በሻሽ ማጥለሌ ጉድፉን እንጂ ውኃውን አያስቀርም። አሁን ማታ ታንከሩን ሞልቼ አሳድራለሁ፤ ጄሪካኑንም ካሳደርሁ በኋላ የታችኛውን ሁለት ጣት ያህል ናፍጣ አልጠቀምበትም።

አዲሱን የናፍጣ ፊልትሮ ከገጠምሁ በኋላ ደግሞ ባትሪው እስኪደክም ብጠመዝዝ አልነሣ አለች። መስመሩ አየር ይዞ ነበር፤ አየር ስለሚታመቅ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው ፖምፓ ግፊት መፍጠር አይችልም። መካኒኩ በስልክ እንደነገሩኝ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ቡሎን አላልቼ፣ አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ በእጅ ፖምፓው ገፋሁና ቡሎኑን አጠበቅሁት፤ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። አዲሱን ፊልትሮ በጄሪካን ናፍጣ ሞልቶ መግጠም ቀላል ቢመስልም አላደርገውም፤ በመሀለኛው ቀዳዳ የተጨመረ ናፍጣ ሳይጣራ ወደ ፖምፓው ይሄዳልና።

የዘይቱ ፊልትሮ ብዙ አላስቸገረኝም። በ50 ሰዓት የመጀመሪያውን ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ ሳንጠባጥብ የብር ብናኝ የመሰለ ነገር አብረቀረቀ፤ አዲስ ሞተር ሲላመድ ይህ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ ከአንድ መለዋወጫ መደብር በግማሽ ዋጋ የገዛሁት ፊልትሮ ግን ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን ይዞ ስለማያቆይ በታኅሣሥ ብርዳማ ጠዋት የዘይት መብራቱ ቶሎ አይጠፋም ነበር። ጣልሁትና በትክክለኛው ተካሁት። ላስቲኩን ዘይት ቀብቼ፣ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል በእጄ ብቻ ነው የማጠብቀው።

ለመጪው አውድማ ሁለት የአየርና አንድ የናፍጣ ፊልትሮ ገዝቼ፣ ወረቀት የሚበላ አይጥ እንዳይደርስባቸው ከነካርቶናቸው ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጫለሁ።