ኖዣን-ሱር-ሴን ያለው የካሚል ክሎዴል ሙዚየም፣ ለሷ ብላችሁ ሂዱ

ፓሪስ የምትኖሩም ለጉብኝት የምትመጡም፣ አንድ ቀን ትርፍ ካላችሁ ከጋር ደ ሌስት ጣቢያ ባቡር ያዙና ኖዣን-ሱር-ሴን ውረዱ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከጣቢያው በእግር ይደረሳል። ትንሽ ጸጥ ያለች የወንዝ ዳር ከተማ ናት። የፈረንሳዊቷ ቀራፂ የካሚል ክሎዴል ሙዚየም እዛ ነው፣ 2017 ላይ ተከፈተ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ዓመቶቹን ሁሉ እንደዛው አንብቡልኝ)። ቤተሰቧ ከ1876 እስከ 1879 የኖረበትን ቤት ከአዲስ የጡብ ህንፃ ጋር አያይዘው ነው የሰሩት፣ ልጅቷ ጭቃ እያቦካች ምስል መስራት የጀመረችውም በነዚህ ዓመታት ነው።

ካሚልን ከዚህ በፊት ፓሪስ በታዋቂው ቀራፂ በሮዳን ሙዚየም አይቻታለሁ፣ እዛ ግን ሁሌ ከሱ ጎን ነው የምትታየው፣ ተማሪው፣ ረዳቱ፣ ፍቅረኛው እየተባለች፣ ሰውም ከስራዋ በፊት የሚያወራው የፍቅር ታሪኳን ነው። ኖዣንን የወደድኩት ለዚህ ነው። 15 ክፍል አለው፣ የመጀመሪያዎቹ ውስጥ ግን በብዛት የምታዩት የዘመኗን ሌሎች ቀራፂዎች ነው፣ ፖል ዱቧ፣ አልፍሬድ ቡሼ። ይሄ ሁሉ የሌላ ሰው ስራ ለምን አስፈለገ ብዬ ነበር፣ እሷጋ ስደርስ ገባኝ፣ ሌሎቹ ያንኑ ገላ፣ ያንኑ ፊት እንዴት እንደሰሩት ዓይናችሁ ለምዶ ስለሚመጣ የሷ እጅ ከሩቅ ይታወቃችኋል። ደግሞ ቡሼን ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ችሎታዋን መጀመሪያ ያየላት እሱ ነው። ቤተሰቡ 1881 ፓሪስ ሲገባ ትልቁ የመንግስት የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም፣ እስከ 1897 ድረስ አልተቀበለም፣ ስለዚህ ኮላሮሲ የሚባል የግል አካዳሚ ገባች፣ ቡሼ 1882 ጣልያን ሲሄድ ተማሪዎቹን ለሮዳን አደራ ሰጠ። በዚህ ነው የተዋወቁት።

እዛ ያለው የሷ ስራ ወደ 40 ይጠጋል፣ በአንድ ቦታ ይሄን ያህል ሌላ የትም የለም። እኔ ብዙ የቆምኩት ከግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደው ፔርሴዎስና ጎርጎን ፊት ነው፣ የሰው ቁመት የሚያህል እምነበረድ። ወጣቱ ፔርሴዎስ ፀጉሯ እባብ የሆነውን የጎርጎኗን የሜዱሳን ጭንቅላት ቆርጦ ወደ ላይ ይዞታል፣ የተቆረጠው ፊት ደግሞ የራሷ የካሚል ፊት ነው ይባላል፣ አፉ ተከፍቶ። እየዞራችሁ እዩት፣ ከየአቅጣጫው ሌላ ነው። እምነበረዱን የጠረበው ፍራንሷ ፖምፖን ነው፣ በኋላ በነጩ ድብ ቅርፁ የታወቀው።

ዋልስ የሚባለውን ዳንስ የሚጨፍሩት ጥንዶች ላይም ቆዩ። መጀመሪያ ሁለቱንም እርቃን ነበር የሰራቻቸው፣ 1892 የመንግስት ተቆጣጣሪ መጥቶ አይሆንም አለ፣ ሴቷን ጨርቅ አለበሰቻት፣ እንዲያም ሆኖ መንግስት በእምነበረድ ሳያሰራት ቀረ። ጨርቁ ግን እንደ ማዕበል ከስር እየጎተታቸው ጭራሽ የሚወድቁ አስመስሏቸዋል፣ እኔ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፣ እዛ ያለው የሷ ስራ በሙሉ ከ1913 በፊት የፈጠረችው ነው። በዛ ዓመት አባቷ ማርች 2 ሞቱ፣ ማርች 10 ከስቱዲዮዋ ተወስዳ የአእምሮ ሆስፒታል ገባች። ታማ ነበር፣ ሮዳን ስራዬን ይሰርቀኛል እያለች የራሷን ስራ ትሰባብር ነበር፣ ይሄ እውነት ነው። ግን 1920 ሐኪሙ ወደ ቤተሰብ ብትመለስ ይሻላል ብሎ እናቷ እምቢ አሉ፣ አንድ ቀን እንኳን ሄደው አልጠየቋትም። 30 ዓመት በአእምሮ ሆስፒታል ኖራ 1943 ሞተች፣ አንድም ነገር ሳትቀርፅ፣ የራሷ መቃብር እንኳን የላትም። ይሄን አውቄ ክፍሎቹን መልሼ ስዞር አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃችኋል፣ የመመለሻ ባቡራችሁን ቀድማችሁ እዩ። ፓሪስ ስትመለሱ በማግስቱ ኦርሴ ሙዚየም ሂዱና ላዥ ሚር (የብስለት ዕድሜ) የሚለውን የነሐስ ቅርፅ ፈልጉ፣ መንግስት 1895 ጀሶውን አዝዞ 1899 የነሐሱን ትዕዛዝ የሰረዘባት ስራ ነው። አሮጊቷ ሰውየውን ይዛው ትሄዳለች፣ ወጣቷ ተንበርክካ እጇን ዘርግታለች። በመጀመሪያው ቅጂ እጁን ይዛዋለች፣ በዚህኛው ግን እጆቻቸው አይነካኩም። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መሀላቸው ያለውን ክፍተት እዩት።