ሞክሼ ሳይንሳዊ ስሞችን የሚለየው የትኛው ነፃ መዝገብ ነው? የጂቢፍና የጓደኞቹ ግምገማ

አይሪስ የአበባ ወገን (ጂነስ) ነው፤ የሳይንሳዊ ስያሜ አባት የሚባለው ሊኒየስ በ1753 መዝግቦታል። አይሪስ ማንቲስ የሚባሉ ነፍሳት ወገንም ነው፤ ይህኛውን ሶሲዩር በ1869 ሰየመው። በጥንት ግሪኮች ዘንድ ደግሞ አይሪስ የቀስተ ደመና አምላክ ናት፣ በ1847 የተገኘ አስትሮይድም በስሟ ይጠራል። አሪስቶቴሊያም እንደዚሁ ነው። በአንድ በኩል ፍሬው የሚበላ የቺሊ ቁጥቋጦ ያለበት የዕፅዋት ወገን፣ በሌላ በኩል ሂዩብነር በ1825 የሰየማቸው ጥቃቅን የእሳት እራቶች፤ የሁለቱም ስም የሚያስታውሰው ፈላስፋውን አሪስቶትልን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በተራ የኢንተርኔት ፍለጋ እነዚህ ሁሉ ተደበላልቀው ይመጣሉ። የናሙና ዝርዝር፣ የቤተ መዘክር ካታሎግ ወይም የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው የሚያስፈልገው ሞክሼዎቹን ነጣጥሎ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ክፍያ የማይጠይቁ በርካታ አገልግሎቶች አሉ። እዚህ የምንገመግመው በዋናነት ጂቢፍ የተባለውን ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት የስም ማዛመጃ (የስሞችን ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር መሣሪያ) ሲሆን፣ እሱ የሚጎድለውን የሚሞሉትንም እግረ መንገዳችንን እናያለን።

በቅድሚያ ሞክሼነቱ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት፤ የአገልግሎቶቹ ጥንካሬም ድክመትም የሚመነጨው ከዚያ ነውና። የእንስሳት ስያሜ ሕግ እና የዕፅዋት፣ የአልጌና የፈንገስ ስያሜ ሕግ አንዱ ከሌላው ነፃ ናቸው። ስለዚህ አንድ ስም በእንስሳት አንድ ጊዜ፣ በዕፅዋት ደግሞ አንድ ጊዜ በሕጋዊነት ሊኖር ይችላል። ሞረስ ቅጠሉን የሐር ትል የሚበላው ዛፍ ነው፤ ዓሣ አዳኝ የባሕር ወፍም ነው። ፒየሪስ የአትክልት ቦታ ቁጥቋጦም ነው፣ ጎመን የሚያጠፋ ነጭ ቢራቢሮም ነው። ባሲለስ ባክቴሪያም ነው፣ ጭራሮ የሚመስል ነፍሳትም ነው።

በአንድ ሕግ ውስጥ ግን ሞክሼ አይፈቀድም፤ በኋላ የመጣው ስሙን ይለቃል። ሾው በ1799 ምንቃር ያለውን የአውስትራሊያ አጥቢ ፕላቲፐስ ብሎ ሲሰይም ስሙ ከ1793 ጀምሮ በጢንዚዛ ተይዞ ነበር። ስለዚህ እንስሳው ዛሬ በሳይንስ የሚጠራው ኦርኒቶሪንከስ ተብሎ ነው። ኤኪድና የሚለው ስም በግሪክ ተረት የአውሬዎች እናት የሆነችው ፍጡር ነው። ኩቪየ በ1797 እሾሃሙን ጉንዳን በል በዚህ ስም ሲጠራው ፎርስተር በ1788 ለዓሣ ሰጥቶት ስለነበር፣ ኤሊገር በ1811 ታኪግሎሰስ በሚል ተካው። ዳይኖሰሮችም አልተረፉም። በ1969 ሲንታርሰስ የተባለው ዳይኖሰር ስሙ ከመቶ ዓመት በፊት ለጢንዚዛ ተሰጥቶ ስለተገኘ በ2001 ሜጋፕኖሳውረስ ተባለ፤ አዲሱን ስም ያወጡትም የጢንዚዛ ሊቃውንት ናቸው።

ወደ ጂቢፍ እንምጣ። ሙሉ ስሙ ግሎባል ባዮዳይቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ፋሲሊቲ ነው። በ2001 ተቋቋመ፣ ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ነው። ስም ለመፈለግም ሆነ ለማዛመድ አካውንት አይጠይቅም፤ የናሙና መረጃ ለማውረድ ሲሆን ብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል። ዝርዝር ያለው ሰው ፋይሉን በሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ በሚለዩበት ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ያዘጋጃል። የስሙ አምድ ርዕስ «ሳይንቲፊክኔም» በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ ኤን ብቻ ትልቅ ሆኖ ይጻፋል። ቀጥሎ «ኪንግደም» የሚል አምድ ጨምሩ፤ ስሙ የእንስሳ ይሁን የዕፅዋት የሚገለጽበት ነው። መመሪያው ይህን አምድ እንደ አማራጭ ይቆጥረዋል፤ ሞክሼ ላለበት ሥራ ግን ግዴታ አድርጋችሁ ያዙት።

ምክንያቱ ይኸው፦ ኢናንቴ ብቻውን ቢገባ አንዱ መልስ መርዛማ የረግረግ ተክል፣ ሌላው ትንሽ ወፍ ነው። ሲስተሙ ሁለቱን እኩል ካያቸው አይገምትም፤ ከአንድ በላይ እኩል ተዛማጅ እንዳለ በማስታወሻ ይገልጽና ውጤቱን ባዶ ይተወዋል። ይህ ባሕርዩ በግሌ የምወድለት ነው። በዘፈቀደ ከሚመርጥ መሣሪያ ዝም የሚለው ይሻላል። ችግሩ፣ በሺህ መስመር ዝርዝር ውስጥ ባዶ የቀረውን መስመር ብዙ ሰው «ስሙ የለም ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስሙ ግን አለ፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ አለ።

ውጤቱ ለእያንዳንዱ መስመር የመዛመድ ዓይነት ይሰጣል። «ኤግዛክት» ፊደል በፊደል መግጠሙን፣ «ፈዚ» በመቀራረብ መገመቱን፣ «ሃየርራንክ» ዝርያው ጠፍቶ ወደ ወገኑ ወይም ከዚያ በላይ መውጣቱን፣ «ነን» ምንም አለመገኘቱን ያሳያል። ከመጀመሪያው ውጭ ያሉትን ሁሉ በዓይን እዩ። ፈዚ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዳፍኔ ቁጥቋጦ ናት፣ ዳፍኒስ የእሳት እራት ነው፣ ዳፍኒያ በኩሬ የምትኖር ትንሽ ውኃ ወለድ እንስሳ ናት። በእንስሳት ሕግ የወገን ስሞች በአንድ ፊደል ከተለያዩ ሞክሼ አይባሉም፤ የዕፅዋቱ ሕግ ግን ለመደናገር የቀረቡ ስሞችን እንደ ሞክሼ ሊቆጥር ይችላል። የፊደል ስህተትን ለማረም የተሠራ ስልት ይህን ልዩነት አያውቅም።

በኤፒአይ (በፕሮግራም በኩል መዝገቡን በሚጠይቁበት መንገድ) ለሚሠሩ ሁለት መለኪያዎች ይበቃሉ። «ስትሪክት» ሲበራ ውጤቱ ወደ ላይኛው ደረጃ እንዳይንሸራተት ይከለክላል፤ «ቨርቦዝ» ሲበራ ደግሞ ሲስተሙ ያልመረጣቸውን ተፎካካሪ ስሞች ያሳያል። ሁለተኛውን ለሞክሼ አደን ሁልጊዜ አብሩት።

ስፍኑን (ኪንግደሙን) ማስገባት ብቻ ይበቃል እንዳትሉ። አንዳንድ ስሞች እስከ ዝርያው ድረስ ይመሳሰላሉ። ፊከስ ቫሪየጋታ በሾላና በዋርካ ወገን ውስጥ ያለ ዛፍ ነው፤ በ1798 ሮዲንግ የሰየመው የባሕር ቀንድ አውጣም ነው። አጋቲስ ሞንታና በኒው ካሌዶንያ ተራሮች የሚበቅል ዛፍም ተርብም ነው። ኦሬስቲያስ ኤሌጋንስ ኦርኪድም ዓሣም ነው። እዚህ ላይ የሚያድነው የደራሲው፣ ማለትም ሳይንሳዊ ስሙን ያወጣው ሰው፣ ስም ነው፤ ስለዚህ በስሙ አምድ ደራሲውንም ጨምሩ። አጻጻፉ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል፦ ከደራሲው ቀጥሎ ኮማና ዓመት ካለ አብዛኛውን ጊዜ እንስሳ ነው፤ አንድ «ኤል» ብቻ ነጥብ ተደርጎባት ከተጻፈች የሊኒየስ ተክል ናት። በእንስሳት ስም ደራሲው በቅንፍ ከሆነ ዝርያው መጀመሪያ በሌላ ወገን ተሰይሞ ነበር ማለት ነው፤ ዝርዝሩን «ለማጽዳት» ቅንፉን የሚያጠፋ ሰው መረጃ እያጠፋ ነው።

ሌላው ተደጋጋሚ ብልሽት ከኤክሴል ይመጣል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዝ የአጻጻፍ ኮድ) ካልተቀመጠ እንደ ሂዩብነር ያሉ ምልክት ያለባቸው ፊደሎች የያዙ ስሞች ይበላሻሉ፣ ደራሲው አይዛመድም፣ መስመሩም ወደ ፈዚ ወይም ወደ ነን ይወርዳል። ሲያስቀምጡ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ሌላ መፍትሔ መፈለግ አያሻም። ውጤቱን ስታወርዱም ቁጥራዊ መለያውን፣ ደራሲውንና የተዛመደበትን ቀን አብራችሁ አስቀምጡ። የጂቢፍ የስም መሠረት በየጊዜው ይታደሳል፤ ያለ እነዚህ ስም ብቻ የያዘ ፋይል ከዓመት በኋላ ተመልሶ ሞክሼ ይሆናል።

ጂቢፍ ለዝርዝር ሥራ አንደኛ ነው፤ «ይህ የወገን ስም ከዚህ በፊት ለማን ለማን ተሰጥቷል?» ለሚለው ጥያቄ ግን የተሻለ አለ። አይ.አር.ኤም.ኤን.ጂ. በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ ተጀምሮ በኋላ ወደ ቤልጂየሙ የፍላንደርስ የባሕር ተቋም የተዛወረ የወገን ስሞች መዝገብ ነው። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ስሞች አሉት። በሕይወት ያለውንና ከምድር የጠፋውን፣ እንስሳውን፣ ተክሉንና ባክቴሪያውን አንድ ላይ ይዟል። ፕሮቴዎስን ብትፈልጉ የዋሻ ሳላማንደሩን የ1768 ስም እና የባክቴሪያውን የ1885 ስም በየራሳቸው መስመር ከነደራሲያቸው ታገኛላችሁ። መልኩ ያረጀ ነው፣ በዝርያ ደረጃም ሙሉ አይደለም፤ ለወገን ግን መጀመሪያ የሚከፈተው ገጽ ይህ ሊሆን ይገባል።

የጄኔቲክ ቅደም ተከተል የሚፈልጉ ኤን.ሲ.ቢ.አይ.ን (የአሜሪካን የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል) ይጠቀማሉ። እሱ ሞክሼዎችን የሚለየው ከስሙ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ በሚያስገባው ማብራሪያ ነው፤ ባክቴሪያው ባሲለስ መለያ ቁጥሩ 1386 ነው፣ ነፍሳቱ ሌላ ቁጥር አለው። በስም ሳይሆን በቁጥር አውርዱ። አይፕኒ የተባለው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ስሞች ማውጫ ስሙ የት እንደታተመ ይነግራል እንጂ የትኛው ስም ዛሬ ተቀባይነት እንዳለው አይፈርድም። ዙባንክ በ2008 የተከፈተ የእንስሳት ስሞች ይፋዊ መዝገብ ነው። የድሮ ስሞችን ሁሉ ስላልያዘ እዚያ አለመገኘት ስሙ ነፃ ነው ማለት አይደለም። አዲስ ወገን ለመሰየም የሚያስቡ በዚህ ነጥብ ብዙ ይሳሳታሉ።

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ክፍተት አለ፤ ስሙ ከየትኛው የጥንት ሰው እንደተወሰደ አይናገሩም። ሊኒየስ በ1758 ቢራቢሮዎቹን ሲከፋፍል አንዱን ክፍል «ፈረሰኞች» ብሎ በትሮይና በግሪክ ጀግኖች ሞላው፤ ፕሪያሞስ፣ ሄክቶር፣ ሜኔላዎስ፣ አኪሌስ። ሌላውን ክፍል በዳናዎስ ስም ጠርቶ ፕሌክሲፐስን እዚያ አስገባ፤ በተረቱ ፕሌክሲፐስ ከዳናዎስ ወንድም ከኤጂፕቶስ ልጆች አንዱ ነው። የዛሬው ሞናርክ ቢራቢሮ ሁለቱንም ስም ይዞ ዳናውስ ፕሌክሲፐስ ይባላል። አባጨጓሬው የሚመገበው አስክሌፒያስ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከሕክምና አምላኩ ከአስክሌፒዮስ ነው።

እንዲህ ያለውን ለማጣራት በነፃ የሚነበበው የባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ ይሻላል፤ ዋናዎቹ መጻሕፍት ገጽ በገጽ ተነሥተው እዚያ ተቀምጠዋል። የፍለጋ ሳጥኑን ግን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕትመት በቃል መሐል ያለውን ኤስ አስረዝሞ ስለሚጽፈው ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ኤፍ ብሎ ያነበዋል። በድርብ ኤስ የሚጻፍ ስም ፈልጋችሁ ካጣችሁ ሁለቱንም ኤስ በኤፍ ተክታችሁ እንደገና ፈልጉ። ያም ካልሠራ ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን ማውጫ ከፍታችሁ የገጹን ቁጥር በእጅ ያዙ።