ዊንዶውስ 11 ለመሀል አዲስ አበባ ትንንሽ ቢሮዎች፦ ሲስተሙ ይታመናል፣ አጫጫኑ ይፈተሽ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ፒያሳ፣ ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ በሁለትና ሦስት ኮምፒውተር ለሚሠሩ ቢሮዎች ዊንዶውስ 11 ትክክለኛ ምርጫ ነው። የሚያስቸግረው ሲስተሙ ሳይሆን የሚጫንበት ማሽንና አጫጫኑ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ «አይ7 ነው» በሚለው የፕሮሰሰር ስም ብቻ አይርኩ፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዩ። አይ5-8350ዩ ስምንተኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል፤ አይ7-7600ዩ ግን ሰባተኛ ነውና አይቀበልም። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ቲፒኤም 2.0 (የምስጢር ቁልፍ የሚይዝ የደህንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክል) መብራታቸውንም ያረጋግጡ። «ባይፓስ አድርገን (ፍተሻውን ዘለን) እንጭናለን» የሚል አይጠፋም፤ መጫኑስ ይጫናል። ነገር ግን በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ ቨርዥን በራሱ አይመጣለትም፤ የሆምም ሆነ የፕሮ እትም አንድ ቨርዥን ደግሞ የደህንነት ጥገና የሚያገኘው ለ24 ወራት ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ክራኩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ያለ ሕጋዊ ቁልፍ አክቲቬት ማድረጉ ነው። ይህን የሚያደርገው ፕሮግራም (አክቲቬተሩ) እንዲሠራ መጀመሪያ ዲፌንደር፣ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የአክቲቬተሩ ፎልደር «እንዳይፈተሽ» ተብሎ ይመዘገባል። እዚያ ፎልደር የገባ ቫይረስ ከዚያ በኋላ ጠያቂ የለውም። ለማጣራት ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ከፍተው፣ በቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ቅንብር ውስጥ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ይዩ፤ ቢሮው ራሱ ያላስመዘገበው ነገር ካለ ማሽኑ በንጹህ ፍላሽ እንደገና ይጫን። አክቲቬሽን ገጹ ላይ ስለ «ድርጅትዎ አክቲቬሽን ሰርቪስ» የሚናገር ጽሑፍ በግል በተገዛ ላፕቶፕ ላይ ከታየም ያው የክራክ ምልክት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ ክራክ ጭራሽ አያስፈልግም። ከፋብሪካው ዊንዶውስ 10 ይዞ የወጣ ላፕቶፕ የአክቲቬሽን ቁልፉ ባዮሱ ውስጥ ተቀምጧል። ይዞት የመጣው ፕሮ ከሆነ ፕሮ፣ ሆም ከሆነ ሆም ይጫንና ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝ፤ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል። ሆም ተጭኖበት የነበረን ማሽን ፕሮ ሲጭኑበት ነው ቁልፍ የሚጠይቀው።

አፕዴትን ማጥፋት ኢንተርኔት ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረግ ትልቅ ስህተት ነው። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ጥገናው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ የተጎዱት በአብዛኛው ያልጫኑት ናቸው። ለቁጠባ ከሆነ በሁሉም ማሽኖች ላይ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለውን የአፕዴት መጋሪያ ቅንብር «በቢሮው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ» በሚለው ያብሩ፤ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ወርኃዊው ጥገና የሚለቀቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ማሽኑ ቢከብድ አይደንግጡ።

መብራትን በተመለከተ፣ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ አፕዴት አይደረግ። መሀል ላይ ቢጠፋ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ወደነበረበት ይመለሳል፤ አልነሳም ካለ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ የጥገናው ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ የመጨረሻውን አፕዴት ማንሳት ይቻላል፤ ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ።

መረጋጋቱ ጥሩ ነው፤ ማሽኑን በድንገት የሚያቆመው የብልሽት ስክሪን ሲደጋገም ብዙውን ጊዜ ሰበቡ ድራይቨር (የማሽኑን ክፍሎች የሚያሠራ ፕሮግራም) ወይም ራም ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. 8.5 ሚሊዮን ያህል ማሽኖችን የጣለውም የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያው ክራውድስትራይክ የለቀቀው የተበላሸ ማሻሻያ እንጂ ዊንዶውስ አልነበረም። ለትንሽ ቢሮ ዲፌንደር ይበቃል፤ ሁለተኛ አንቲቫይረስ አይደርቡ።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ማይክሮሶፍት አካውንቱ የማን ነው? ከ24ኤች2 ቨርዥን ጀምሮ በአካውንት ገብቶ አዲስ ሲጫን ዲስኩ ራሱ ይቆለፋል፤ ባለ 48 አሃዙ መክፈቻም እዚያው አካውንት ላይ ይቀመጣል። አካውንቱ የጫነው ልጅ ከሆነና ቆይቶ ባዮሱ ወይም ማዘርቦርዱ ቢነካ፣ ዲስኩ ያንን መክፈቻ ይጠይቃል፤ ፋይሉ ሁሉ በእሱ እጅ ነው ማለት ነው። በራስዎ አካውንት ያስጭኑ፣ ቁጥሩን በወረቀት አትመው ከቢሮው ሰነዶች ጋር ያስቀምጡ።